ከወርቃማው ፋይ የኦይለሩ ይበልጥብኛል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የግሪክ ፊደል ነው። ፋይ ይባላል። ክብ ሆኖ መሃሉን ቀጥ ያለ መስመር ያለፈበት፣ እሱ።

ፋይ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ወርቃማው ምጣኔ ነው፤ 1.618 ገደማ። አንድ መስመር ለሁለት ይከፈላል። ሙሉው የትልቁን ክፍል ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ ትልቁም የትንሹን ያንኑ ያህል እጥፍ ከሆነ፣ ያ ቁጥር ፋይ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከ2000 ዓመት በፊት ጽፎታል። በአምስት ጫፍ ኮከብ ውስጥም መስመሮቹ የሚቆራረጡት በዚሁ ምጣኔ ነው። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ግን ዝናው በዛ። በሰው ፊት፣ በቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ በጥንት ሕንፃ ሁሉ አለ ይባላል፤ ሲለካ ብዙው አይገጥምም።

የእኔ ልብ ያለው ሌላኛው ፋይ ጋ ነው፣ የኦይለሩ። ሐሳቡን ያመጣው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው። በፋይ የጻፈው ደግሞ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ፣ እ.ኤ.አ. በ1801።

ሰዓታችሁን ተመልከቱ፤ ባለ ቆጣሪውን። ከ12 ተነሱና አምስት አምስት እየዘለላችሁ ሂዱ፦ 5፣ 10፣ 3፣ 8፣ 1፣ 6፣ 11፣ 4፣ 9፣ 2፣ 7፣ ከዚያ 12። አንድም ሳይቀር ሁሉንም ረግጣችሁ ተመለሳችሁ። አሁን አራት አራት ዝለሉ። 4፣ 8፣ 12። አለቀ! ዘጠኙ ቁጥሮች ሳይረገጡ ቀሩ። ለምን? 4 እና 12 ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ስላላቸው። ከ1 እስከ 12 ካሉት ውስጥ ሁሉንም የሚያዳርሱት 1፣ 5፣ 7 እና 11 ብቻ ናቸው። አራት ናቸው፤ ስለዚህ የ12 ፋይ 4 ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህን የመሰለ ቀላል ቆጠራ ሚስጥር ይጠብቃል ብሎ ማን ይገምታል? እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን የሠሩት አርኤስኤ የተባለው የምስጠራ ዘዴ የቆመው በዚህ ፋይ ላይ ነው። ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው፣ ውሰዱ፦ 3 እና 11። ብዜታቸው 33 ነው። ፋዩን ለማግኘት ከእያንዳንዳቸው አንድ ቀንሱና አባዙ፦ 2 በ10፣ 20። ሁለቱን ቁጥሮች ለሚያውቅ ሰው የሰከንድ ሥራ ነው። ቁጥሮቹ በመቶ የሚቆጠር አሃዝ ያላቸው ሲሆኑና ብዜቱ ብቻ ሲሰጣችሁ ግን ፋዩን ማግኘት መከራ ነው። ያን ያገኘ የተመሰጠረውን ሁሉ ያነባል።

ሌሎችም ፋዮች አሉ። በስታቲስቲክስ ትንሹ ፋይ የደወል ቅርጿን ኩርባ ከፍታ ይነግራችኋል፤ ትልቁ ፋይ ከኩርባው በታች፣ ከመረጣችሁት ቁጥር በግራ በኩል ያለውን ስፋት። ለ1.96 ትልቁ ፋይ 0.975 ነው። የባዶ ስብስብ ምልክት ግን ፋይ አይደለም፣ ቢመሳሰሉም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬ ቬይ ከኖርዌይ ፊደል የወሰደው ነው።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። በሉል ላይ ነጥብ ስናመለክት ሁለት አንግሎች እንጠቀማለን፤ ቴታ እና ፋይ። ብዙ የሒሳብ መጻሕፍት ፋይን ከላይኛው ዘንግ ወደታች ይለኩታል። የፊዚክሶቹ ደግሞ ዘንጉን ዙሪያ። ሁለቱን ትምህርት ባንድ ሴሚስተር የሚወስድ ልጅ ምን ያድርግ? የጎበዝ ተማሪ ነጥብ የሚጠፋው በዚህ ነው። መምህራን፣ እባካችሁ፣ ሰሌዳው ላይ ፋይ ከመጻፋችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ አንድ መስመር ጻፉ።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። የእኛ ወር 30 ቀን ነውና ካላንደር አውጡና የ30ን ፋይ ፈልጉ። 1፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29። ስምንት ናቸው። ከ1 በስተቀር ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች! ለ12ም እንዲሁ ነበር። ከ30 በላይ ግን እንዲህ የሚሆን አንድም ቁጥር የለም፤ ይህም በማስረጃ የተረጋገጠ ነው። ሳምንት እንገናኝ።