ፎቶ ናሙና አይሆንም፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የዕፅዋት ማኅበራችን አባላትና እንግዶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን ከልብ እናመሰግናለን። የዓመቱ ሪፖርት በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም፤ ችግኝ ጣቢያው ታጥሯል፣ የመስክ ጉዞዎቹም ተደርገዋል፤ የአባልነት መዋጮ ግን ዘንድሮም አልተሟላም።

ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን የእሬት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው አራት አዳዲስ የእሬት ዝርያዎችን ከአገራችን ሲገልጹ፣ ስማቸውን ከቤኒሻንጉል፣ ከጊቤ፣ ከወሎና ከወልመል ወንዝ ወስደዋል። የሰው አገር ተክል ስለሚሰየምበት ሥነ ምግባርም በዚያው ጽሑፍ አንስተዋል። ይህ የሚያኮራን ሥራ የቆመው በደረቀ ናሙና፣ ማለትም ተጭኖና ደርቆ ለማስረጃ በተቀመጠ ተክል ላይ ነው። የዕፅዋት ስያሜ ደንብ በሕይወት ያለን ተክል ለስሙ መሠረት አድርጎ አይቀበልም። ታዲያ ደረቅ ኮረብታ ላይ እንግዳ እሬት ያዩ አባሎቻችን ምን ያመጡልናል? ፎቶ። አለዚያም ከነሥሩ ተነቅሎ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ተክል።

«ለማድረቅ ጋዜጣ መሀል ብንጫነው ይበሰብሳል» ትሉናላችሁ። የሚበሰብሰው እኮ ስላልሞተ ነው! ወፍራም ቆዳው ውኃውን አይለቅም፤ ተጭኖም ሳምንታት ይቆያል፣ ከዚያ ይሻግታል። ቅጠሉን በቁመቱ ሰንጥቁት፤ ዝልግልጉን ሥጋ በማንኪያ ፍቃችሁ አውጡ፤ የጠርዙን እሾህ የያዘውን ቆዳ ብቻ ጋዜጣ መሀል አስገቡ። በመጀመሪያው ሳምንት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፤ አንድ ቀን ከዘለላችሁ ሻጋታው ይቀድማችኋል። አበባውን ትኩስ ሳለ በሚሊሜትር ለኩ፣ ቀለሙንም ጻፉ፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ሁለት ሦስት አበባ 70 በመቶ አልኮል ባለበት ጠርሙስ አስቀምጡ። ሥሩን አትንኩት። ከግርጌው የተቆረጠ ሙሉ ቅጠልና አንድ የአበባ ዘንግ ይበቃናል።

አሁን ደግሞ ዛሬ ወንበራቸው ባዶ ለሆነ አባሎቻችን። እሬቱን ያያችሁበትን ቦታ የጂፒኤስ ቁጥር ቴሌግራም ላይ የለጠፋችሁት በክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። ደስታችሁ ገብቶናል። ግን የዱር እሬት ዓለም አቀፍ ንግድ በሳይተስ፣ ማለትም የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የተደረገበት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለሽያጭ የሚነቅል ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ቦታውን ነው። አንድ ኮረብታ ላይ ብቻ የሚገኝን ተክል ለማጥፋት ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ይበቃል። ትክክለኛው ቦታ ከናሙናው ጋር በሚያያዘው ወረቀት ላይ ተጽፎ የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ወደሚቀመጡበት ብሔራዊ ሄርባሪየም ይሂድ፤ ለሕዝብ የወረዳው ስም ይበቃል።

እዚህ ያላችሁ፣ ለቀሩት ዛሬውኑ ደውሉላቸው። የለጠፉትን ቁጥር ከመምሸቱ በፊት ያጥፉልን።