ከሽመና ወደ ቆጠራ፣ ከአብራሪ ወደ ቀዶ ሐኪም

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። በዛሬው ዝግጅት ስለ አንድ ጥያቄ አወጋችኋለሁ፤ ይኸውም በአንድ ሙያ ውስጥ የተወለደ ፈጠራ ወደ ሌላ ሙያ ሲሻገር፣ በትክክል የሚሻገረው ምኑ ነው የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ዣካርድ የሠራው የሐር መሸመኛ ጥለቱን የሚያወጣው በተበሱ ካርዶች እየተመራ ነበር፤ ቀዳዳ ባለበት ድሩ ይነሳል፣ በሌለበት ባለበት ይቀራል። ከ80 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄርማን ሆለሪዝ ለ1890 የአገሩ ሕዝብ ቆጠራ የተበሳ ካርድ ተጠቀመ። ሆለሪዝ ራሱ እንደጻፈው፣ ሐሳቡን የቀሰቀሰበት የተሳፋሪውን የፀጉርና የዓይን ቀለም ቲኬቱ ላይ በመብሳት ይመዘግብ የነበረ የባቡር ተቆጣጣሪ ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ከሸማኔው በቀጥታ የመጣ አይመስለኝም። በእርሱ ማሽን ላይ መጫኛው ሲወርድ፣ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በቀዳዳዎቹ አልፈው ከሥር ባሉ ትንንሽ የሜርኩሪ ጽዋዎች ውስጥ ይጠልቃሉ፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ይገናኝና የመቁጠሪያው መርፌ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል። ከሐሩ፣ ከጥለቱና ከሸማኔው ጥበብ ወደ ቆጠራው የገባ ነገር የለም፤ የገባው «አለ» ወይም «የለም» የሚለውን በቀዳዳ የመግለጽ ሐሳብ ብቻ ነው። ይህን ያህል ርቀት ለመጓዝ የቻለውም፣ እንደኔ ግምት፣ ይህን ያህል ራቁቱን በመቅረቱ ነው።

ሁሉም ፈጠራ ግን እንዲህ ተራቁቶ አይሻገርም። ጥቅምት 1935 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ፣ ዴይተን አጠገብ የቦይንግ ሞዴል 299 የሙከራ አውሮፕላን የመሪ ክንፎቹ መቆለፊያ ሳይፈታ ተነሥቶ ወደቀ። አብራሪዎች ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን እርምጃ ከወረቀት ላይ እያነበቡ ማረጋገጥ ጀመሩ። ይህ ልማድ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተሻግሮ፣ በ2009 የታተመ ጥናት የዓለም ጤና ድርጅትን የማረጋገጫ ዝርዝር በሞከሩ 8 ሆስፒታሎች የሟቾች ቁጥር ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳየ። በ2014 የወጣው የካናዳዋ ኦንታሪዮ ጥናት ግን፣ 101 ሆስፒታሎች ዝርዝሩን ሥራ ላይ ካዋሉ በኋላ፣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ወረቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ለምን ተለያየ?

ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሆኖም ከአቪዬሽን መሻገር የነበረበት ዋናው ነገር በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው፣ ማለትም ታናሹ ታላቁን «ቆይ፣ ይህ አልተረጋገጠም» ብሎ የማስቆም መብት ይመስለኛል። ዝርዝሩ ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የቡድኑ አባላት ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ይጠይቃል። አንድ ሆስፒታል ከአብራሪዎቹ በእርግጥ መውሰዱን መመርመር ቢኖርብኝ፣ ምልክት የተደረገበትን ቅጽ ወደ ጎን ትቼ፣ ነርሷ ስሟን ስትናገር ቀዶ ሐኪሙ ይሰማት እንደሆነ እመለከታለሁ።