ላዚክስና የገብርኤል ዕለት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ሽንት ነው። ማዳመጥ የሚያሳፍራችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ አፍሬበታለሁ።

የልብ ድካም እንዳለብኝ የተነገረኝ፣ ሦስት ትራስ ካልደረብኩ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ጊዜ ነበር። ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል እስከ ቤቴ ያለው፣ ዓሣ አንጠልጥዬ የምመላለስበት መንገድ ባጃጅ የሚያስፈልገው ሆነ። መድኃኒት ጀመርኩ። ወር ሳይሞላ ሁለቱ ትራሶች ወደ ቁም ሳጥን ተመለሱ።

ውለታው ግን ወለድ አለው። ሁላችንም ላዚክስ የምንለው ፉሮሴማይድ፣ በተዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምርና ለስድስት ሰዓት ያህል ይቆያል። ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስወጣ ያደርጋል፤ ሳንባ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ሲቀንስ ትንፋሽ ይመለሳል። የዋጠው ሰው ግን በእነዚያ ሰዓታት ከመጸዳጃ ቤት መራቅ አይችልም። የእኛ ኑሮ ደግሞ ቅዳሴ ነው፣ እድር ነው፣ ለቅሶ ነው። ለቅሶ ቤት ስገባ ከሐዘንተኛው በፊት በዓይኔ የምፈልገው የጓሮውን በር ነበር።

ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲነግሥ ሐዋሳ በእንግዳ ትጥለቀለቃለች፤ ቤቴም በዘመድ ሞልቶ ነበር። ሦስት ቀን ላዚክሱን ሳልውጥ ቀረሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ታቦቱን አጀብኩ፣ ከእንግዶቼ ጋር እስኪመሽ ተጫወትኩ። እውነቱን ልናገር፣ የዓመቱ ምርጥ ቀናት ነበሩ። በአራተኛው ቀን ሚዛን ላይ ስወጣ 3 ኪሎ ጨምሬአለሁ። በነቢያት ጾም ሽሮ እየበላ በሦስት ቀን 3 ኪሎ የሚወፍር ሰው የለም፤ ውኃ ነው። ያን ሌሊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አነጋሁ።

በመጋቢት ለክትትል ስሄድ አንዲት ተማሪ ለጥናቷ መጠይቅ ይዛ መጣች። ሚኒሶታ ይባላል፤ 21 ጥያቄዎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣቸዋል። የልብ ሕመምተኛ ኑሮው ምን ያህል እንደተጎዳ ይለካበታል።

«ትንፋሽ ማጠር እንደፈለጉ እንዳይኖሩ አድርጎዎታል?»

0 አልኩ።

«የሕክምናው የጎንዮሽ ጉዳትስ?»

5 አልኩ።

ሁለቱንም መልስ የሰጠኝ አንድ ክኒን ነው። ድምሩ ውስጥ ሲገቡ ግን ታሪካቸው ይጠፋል፤ 5 ብቻ ይሆናሉ። ይህ ስላናደደኝ ይመስለኛል፣ ዶክተሯ ክፍል ስገባ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ገብርኤልን፣ ጓሮውን፣ ጎረቤቶቼ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው የፈሩትን ደረቅ ሳልም ጭምር። ሳሉ የሌላው የልብ መድኃኒቴ፣ የኢናላፕሪል ነበር። በሎሳርታን ተተካና ጠፋ። ዓመት ሙሉ ያሳልኩት እንግዲህ ሳልናገር ስለቀረሁ ነው።

ላዚክሱን ደግሞ መተው እንጂ ሰዓቱን ማዛወር ክልክል እንዳልሆነ ነገረችኝ። አሁን እሑድ እሑድ የምውጠው ከቅዳሴ መልስ ነው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጉዳይ ግን ገና አልተፈታም፤ ሻሸመኔም ዝዋይም ላይ ሳያጉረመርም የሚቆም ሹፌር የምታውቁ ንገሩኝ።