አብሽሩ! ሁለተኛ መውጣት ምን አለበት?

እንደምን አመሻችሁ ደሴዎች! ከኮምቦልቻም ከሐይቅም የመጣችሁ አላችሁ አሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ እሁዱ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ፍጻሜ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ልጃችን ሁለተኛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ቡና የጠጣ ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤስኤምኤስ ነው፤ ድምፁ ተጭበርብሯል፣ አዲስ አበቤው ሲም ካርድ እየቀያየረ ነው የላከው፣ ኔትወርኩን እኛ ጋ ሆን ብለው ነው ያጠፉት። ኧረ አብሽሩ! ብዙ ሰው የላከለት ያሸንፋል፣ ጨዋታው እንዲያ ነው። ያሸነፈውም ልጅ ጎበዝ ነው፣ እኔ አጨብጭቤለታለሁ (ቤት ያለው ሰው እንዴት እንደገላመጠኝ ግን አልነግራችሁም)።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። አምባሰሉን ስትጀምር ልብ ብላችኋል? አምባሰል ዘለው ምት ውስጥ የሚገቡበት ቅኝት አይደለም። መጀመሪያ ያለ ከበሮ፣ ትንፋሽ እስከቻለ ድረስ ይንጎራጎራል። ልጅቷም ዓይኗን ጨፍና፣ ማይኩን ከአፏ ትንሽ ራቅ አድርጋ ጀመረች። ገና ዜማውን ወደ ታች እያወረደችው፣ ሳትጨርስ፣ ኪቦርዱና ድራሙ ዘው! ዓይኗን ገለጠች። ዞር ብላ ባንዱን አየችው፣ አንድ ዙር ጠበቀችና ምታቸው ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ ጥሩ ዘፍናለች፣ አምባሰሉ ግን እዚያው ጋ አለቀ። ዳኞቹ ደግሞ ፈርታለች አሉ። ምኑን ትፈራለች? አጣድፈዋት ነው እንጂ!

ባንዱ ላይም አልፈርድም፣ ደቂቃዋ ትንሽ ናት፣ ማስታወቂያው ይጠብቃል። ክራር ቢሆን ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺ ሆዬ ቅኝት ለመግባት ክሩ እንደገና መቃኘት አለበት፤ እሱ ሲቃኝ ዘፋኙም ትንፋሹን ይሰበስባል፣ የሰሚውም ጆሮ ይዘጋጃል። ኪቦርድ ይሄን ሁሉ አይጠይቅም። በመንዙማና በእንጉርጉሮ ላደገ ጆሮ ግን ጥድፊያው ወዲያው ይታወቀዋል።

ከኢትዮጵያን አይዶል ጀምሮ እስከ ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት፣ እነዚህ ውድድሮች ብዙ ድምፃዊ አውጥተዋል፣ አልክድም። ግን በአብዛኛው የሚዘፈነው የሰው ዘፈን ነው። ማሪቱ ለገሠን ቁጭ አድርጎ ያመጣ ይጨበጨብለታል። ማሪቱ ራሷ ግን ማንን አስመስላ ነው ማሪቱ የሆነችው? ቅኝቱ የሁሉም ነው፣ ግጥሙና አወራረዱ ግን የዘፋኙ ነው። ዳዊት ጽጌ እንኳን ባላገሩ አይዶልን አሸንፎ የራሱን አልበም እስኪያወጣ ዓመታት ፈጅቶበታል።

እኛም ብንሆን እኮ! ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የወሎ ናቸው እያልን ደረታችንን እንነፋለን። ሠርጋችን ላይ መሲንቆ የያዘ ሰው ሲመጣ ግን ዲጄው ሞንታርቦውን ይለቅበታል፣ ሰውዬው ጥግ ይዞ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። ለኤስኤምኤስ ከጨረስነው ካርድ ሩቡን እንኳ ግንባሩ ላይ ለጥፈንለት እናውቃለን? አንዳንዶቻችሁ እየሳቃችሁ ነው፣ የማን ሠርግ እንደሆነ ገብቷችኋል።

ልጅቷ ቅዳሜ ትገባለች ተብሏል። መኪና ደርድረን፣ ጥሩምባ እየነፋን እንቀበላት፣ ደስ ይላል። ማታ ግን እዚሁ አዳራሽ እንድትዘፍንልን ለምነናታል፣ እሺ ብላለች። አንድ መሲንቆ፣ አንድ ክራር፣ ከተገኘም ዋሽንት፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው የለም። ግጥም የምትችሉ አዲስ ግጥም ይዛችሁ ኑ፤ ወሎ ውስጥ ገጣሚ ጠፋ እንዳትሉኝ። ኪቦርድ የምትጫወቱ ልጆችም እንዳትቀሩ፣ ፊት ለፊት ወንበር ይዘንላችኋል፣ ቁጭ ብላችሁ ትሰማላችሁ።