ካርዱን ከመቀየራችን በፊት ቁጥሩን እንይ

የተከበራችሁ የኮምቦልቻና የደሴ የኮምፒውተር ጥገናና የቪዲዮ ቅንብር ባለሙያዎች፣

የጥር ሠርግ ተደራርቦ ሥራ በሚበዛበት ሰሞን፣ ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረገ ድንገት የሚጠፋ ወይም ፋኑ እንደ ወፍጮ እየጮኸ የሚንቀራፈፍ ኮምፒውተር ሲመጣልን፣ ብዙዎቻችን ወዲያውኑ ግራፊክስ ካርዱ (ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብረው የኮምፒውተሩ ክፍል) ተበላሽቷል እንላለን። ከዚያ በፊት ግን የካርዱ ሙቀት መታየት አለበት። ለዚህም ምንጩ ያልታወቀ ሶፍትዌር በፍላሽ መቀባበል አያሻንም፤ ዊንዶውስ 10 በግንቦት 2012 ዓ.ም. ከወጣው እትሙ ጀምሮ ሙቀቱን በታስክ ማናጀር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን የሥራ ሁኔታ በሚያሳየው የራሱ መስኮት፣ ያሳያል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነን ፐርፎርማንስ የሚለውን ስንከፍት፣ ዲግሪው በግራ በኩል ከካርዱ ስም ሥር ተጽፎ ይገኛል።

ትልቁ ቁም ነገር መቼ እናንብበው የሚለው ነው። ኮምፒውተሩን ገና እንደከፈቱ 45 ዲግሪ አይቶ «ደህና ነው» ብሎ መመለስ ደንበኛን ማጉላላት ነው፤ ካርዱ በዚያ ሰዓት ሥራ ፈት ነውና። ያንኑ ያስቸገረውን ቪዲዮ ኤክስፖርት አስጀምረን፣ ቁጥሩ ወጥቶ ወጥቶ አንድ ቦታ እስኪረጋ ልንታገሥ ይገባል። በሥራ ላይ ከ65 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአብዛኞቹ ካርዶች የተለመደ ሲሆን፣ ወደ 90 ሲጠጋ ግን ብዙዎቹ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ደንበኛው «ተንቀራፈፈብኝ» የሚለንም አንዳንዴ ይህንኑ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ብርዱ ቢያግዝም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ኮምቦልቻ ደግሞ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፤ ከመንገዱ የሚነሳው አቧራም ከፋኑ ሥር ባሉት የብረት ክንፎች መካከል ተጋግሮ የአየር መውጫውን ይደፍናል። በመሆኑም የክፍሉን ሙቀት ሳንጽፍ የሁለቱን ከተሞች ንባብ ማወዳደር ትርጉም የለውም። በእኔ እምነት፣ ከጽዳቱና ከቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከቺፑ ወደ ብረት ክንፎቹ የሚያስተላልፍ ቅባት) ቅያሪው በፊትና በኋላ የተነበበው ዲግሪ በደንበኛው ደረሰኝ ላይ ቢሰፍር ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ቁጥሩ ጨርሶ ካልታየ፣ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ለተሠራ ግራፊክስ ደግሞ ታስክ ማናጀር ሙቀት አያወጣም። የኤንቪዲያ ካርድ ያላችሁ ከድራይቨሩ ጋር የሚመጣውን የኤንቪዲያ ኤስኤምአይ (nvidia-smi) ትእዛዝ በኮማንድ ፕሮምፕት፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት የዊንዶውስ መስኮት፣ መጠቀም ትችላላችሁ፤ አሁን በማሳያው ኮምፒውተር ላይ በየ5 ሰከንዱ እንዲያነብ አድርገን አብረን እንከታተለዋለን።