ያንን ነጭ ላስቲክ ላጡት! ስለ መኪና ቀለም ፊልም የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ! ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ባቲ ያላችሁ ሁሉ እንዴት ሰነበታችሁ? ባሕር ማዶ ያላችሁም የወሎ ልጆች ኮሜንታችሁን እናነባለን፤ አብሽሩ።

ዛሬ ስለ ፊልም ነው የማወራችሁ። ሲኒማ አይደለም። መስታወት የሚያጠቁረውም አይደለም፤ እሱ ከትራፊክ ጋር የሚያነካካችሁ ሌላ ጉዳይ ነው። ይሄኛው ቀለሙ ላይ ነው የሚለጠፈው። ጥርት ያለ ነው፤ በደንብ ከተለጠፈ መኖሩም አይታወቅም። ፒፒኤፍ ይሉታል፤ የቀለም መከላከያ ፊልም ማለት ነው። እኔ ፊልም እያልኩ እቀጥላለሁ።

ለምን ያስፈልጋል? ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ የነዳ ሰው ይህን አይጠይቀኝም። ከፊታችሁ የጅቡቲ መንገድ ሲኖ አለ። ጠጠሯ ከጎማው ሥር ትነሳለች። ቷ! ኮፈን ላይ። ወርዳችሁ ስታዩ ነጭ ነጥብ ናት፤ ምስር አታክልም። በጣት ስትዳብሷት ጥፍር ትይዛለች። "ምን አላት" ብላችሁ ትተዋታላችሁ። ክረምቱ ያልፋል። መስከረም ላይ ዙሪያዋ ቡኒ ሆኗል። በቃ፣ ዝገት ገብቷል።

አሁን ፊልሙ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ ላስረዳችሁ። ለዚህ የምወዳት ነገር አለችኝ። አገልግል!

(ምስል፦ ቆዳ የለበሰ አገልግል፣ ከቅርብ)

ወሎየ ሆኖ አገልግል የማያውቅ የለም። የማያውቅ ካለ አያቱን ይጠይቅ። ውስጡ ስፌት ነው፤ ስንደዶና አክርማ፣ ሴቶች ስንት ቀን የደከሙበት። ውጩ የፍየል ቆዳ። ጠፍር አለው፤ በጠፍሩ በቅሎው ኮርቻ ላይ ይንጠለጠላል። ውስጡ ፍትፍት አለ። አቤት ያ ሽታ! ክዳኑ ሲነሳ ቆዳው፣ ቅቤው፣ በርበሬው አንድ ላይ... ቆይ ቆይ፣ ወደ ነገሬ።

መንገድ ላይ ግራር አለ። ግራሩ አገልግሉን ይቧጭረዋል። የተቧጨረው ግን ቆዳው ነው። ስፌቱ ደህና ነው። ልብ በሉ፣ ቆዳው ድሮም የተሰፋው እንዲቧጨር ነው። ልድገመው፦ እንዲቧጨር ነው! ስፌቱ ቀለማችሁ ነው፤ ቆዳው ፊልሙ ነው። ፊልሙ ላይ ጭረት አይታችሁ "ተታለልኩ" የምትሉ ሰዎች፣ ሥራውን ስለሠራ ነው የምትከሱት።

እሺ፣ በቅሎው አገልግሉ ላይ ቢተኛበትስ? ይጨፈለቃል። ቆዳ ቢኖረውም ይጨፈለቃል። ባጃጅ ጎናችሁን ከገባላችሁ ፊልም አያድናችሁም፤ ባትላሜራ ቤት መሄዳችሁ ነው። የሻገተ ስፌት ላይ ቆዳ ብትሰፉበትስ? ሻጋታውን አለበሳችሁት እንጂ አልገደላችሁትም። የዛገ ነጥብ ላይ ፊልም መለጠፍም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ዝገቱ ይጠረግ፣ ቀለሙ ይስተካከል፣ ከዚያ ፊልም።

ደግሞ ቆዳው ተሰፍቶ አይረሳም። ይወለወላል፣ ቅቤ ነገር ይቀባል። ሲያረጅ ይቀየራል። "ፊልም ካስለጠፍኩ መኪና ማጠብ ቀረልኝ" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የወፍ ኩስ ፊልሙንም ይበላዋል እኮ! ቶሎ እጠቡት።

ከካሜራው ጀርባ "ስለ መኪና ነው ስለ ምሳ?" እየተባልኩ ነው። እሺ እሺ።

ወደ ቴክኒኩ። በፍጥነት ነው የማልፈው። ፊልሙ ፖሊዩሪቴን የሚባል የሚለጠጥ ፕላስቲክ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ የሄሊኮፕተር ተሽከርካሪ ክንፎችን አሸዋና ፍንጣሪ ሲበላባቸው ስሪኤም የተባለው ኩባንያ ካቀረበው መከላከያ ነው የመጣው። ከዚያ ወደ እሽቅድድም መኪና፣ ከዚያ ወደ እኛ። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ናት። የፋብሪካው ክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለው ጥርት ያለ ቅብ፣ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ። ልዩነቱን አስቡት። ከሥር ማጣበቂያ፣ መሐል ፖሊዩሪቴን፣ ከላይ ራሱን የሚያክም ስስ ሽፋን። ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልስና ጭረቱ ይገጥማል። አለቀ።

"ራሱን ያክማል" ሲባል ግን ሚስማር የተረተረውን አይደለም። የላቫጆ ጨርቅ የሚተወውን፣ ፀሐይ ላይ እንደ ክር የሚታየውን ቀጭን ጭረት ነው። ፊልሙን ቆርጦ ያለፈ ጭረት ያው ተቆርጦ ይቀራል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ስታቆሙት ራሱ ይሠራል። ደሴ ላይ በሐምሌ ጉም? ሙቅ ውሃ አፍሱበት።

በነገራችን ላይ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አላችሁ። አየኋችሁ። ደወሏንም ንኳት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልመጣ ነበር፤ ሴራሚክ የሚባለው የመኪና ቅብ ላይ። ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ተመልካች ጥያቄ ጽፎልኝ እሷ እንቅልፍ ነሳችኝ። "አዲስ መኪና ነው የገዛሁት፣ ፊልሙ ከፋብሪካ ተለጥፎ ነው የመጣው፣ ለምን ሌላ እከፍላለሁ?" ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሰው ተሰልፏል። "እኔም አልላጥኩትም"፣ "እኔም"፣ "እኔም"። ወገኖቼ!

(ምስል፦ ኮፈኑና ጣራው ላይ ነጭ ላስቲክ ያለበት አዲስ መኪና)

ያ ነጭ ላስቲክ ፊልም አይደለም። የጉዞ ላስቲክ ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በየከተማው እያየን ነው። እነሱ ናቸው ኮፈናቸውና ጣራቸው ላይ እንዲህ ለብሰው የሚመጡት። ላስቲኩ የተለጠፈው ለመርከቡ፣ ለወደቡና ለከባድ መኪናው ነው። ከፖሊዩሪቴን ጋር አይገናኝም፤ አብዛኛው ፖሊኢትሊን ነው፣ የፌስታል ዘመድ። ማጣበቂያው ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጓል፤ መኪናውን የሚረከበው ሰው ቶሎ እንዲልጠው። የተሠራው ለወራት ነው፣ ለዓመታት አይደለም።

አውቃለሁ፣ ችግሩ ላስቲክ መላጥ አለመውደዳችን ነው። ሶፋው ላስቲኩ ሳይወልቅ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ሪሞቱ በላስቲክ፣ የመኪናው ወንበር በላስቲክ። በጋ ላይ ወንበሩ ቂጣ ይጋግራል፣ ግን አዲስ ነው! እሺ፣ ሶፋው የናንተ ነው፣ አልገባበትም። የመኪናው ቀለም ላይ ግን ልግባ።

ፀሐይ ላይ ሲቆይ ምን ይሆናል? ማጣበቂያው ይበስላል። ደካማ የነበረው ይጠነክራል። ላስቲኩ ደግሞ ይደርቅና ይሰባበራል፤ ልላጥ ስትሉ በጥፍር ቁራሽ በቁራሽ ነው የሚነሳው። ሙጫው ቀለሙ ላይ ይቀራል። ጠርዙ ሥር አቧራና ውሃ ገብቶ መስመር ይሠራል። ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። አልትራቫዮሌት የምንለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ "አገራችን ደጋ ነው፣ አይጎዳውም" አትበሉኝ። ብርዱ ሌላ፣ ጨረሩ ሌላ።

እንዴት ይላጥ? ጥላ ውስጥ አቁሙት። ለብ ያለ ውሃ አፍሱበት ወይም በፀጉር ማድረቂያ (ፎን) ትንሽ አሙቁት። ከጥግ ያዙና ወደ ኋላ አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ወደ ላይ አትንጩት። ምላጭ አይነካም። ቤንዚን በጨርቅም አይሆንም፤ "ጎረቤቴ አድርጎ ወጥቶለታል" የምትሉኝን እያየሁ ነው። የቀረ ሙጫ ካለ ለመኪና ቀለም የተሠራ የሙጫ ማስለቀቂያ ግዙ። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት።

ይሄው፣ ለሴራሚክ የያዝኩትን ሰዓት ላስቲኩ በላው። በአጭሩ፦ ሴራሚክ የሚቀባ ፈሳሽ ነው። ሲደርቅ ጥቂት ማይክሮን ቢሆን ነው። ውሃ ያንከባልላል፣ ጭቃ እንዳይጣበቅ ያግዛል፣ ያምራል። ጠጠር ግን አያቆምም። "ሴራሚክ ካለኝ ፊልም ምን ያደርግልኛል" የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ያልቃል። ሁለቱንም የፈለገ ፊልሙን ያስለጥፍና ከላዩ ሴራሚክ ያስቀባ።

"ቢጫ ይሆናል" የሚሉም አሉ። የድሮዎቹ ይሆኑ ነበር። ዛሬም ርካሹ ይሆናል፤ በተለይ ፖሊዩሪቴን ነው ተብሎ የሚሸጥ ፒቪሲ የሚባል ተራ ፕላስቲክ። ቁራጭ ስጡኝ በሏቸው። ሳቡና ልቀቁት። ፖሊዩሪቴን ወደ ቦታው መመለስ ይወዳል፤ ፒቪሲ እንደተለጠጠ ይቀራል። ቁራጭ አልሰጥም ያለ ሱቅ ከመጀመሪያውም አልተመቸኝም።

"ሲላጥ ቀለሙን ይዞት ይነሳል"? የፋብሪካ ቀለም ከሆነ፣ በሙቀት ቀስ ተብሎ ከተላጠ፣ አይነሳም። ስቱኮ ተለጥፎ፣ ሳይጸዳ በላዩ የተቀባ ቀለም ከሆነ ግን ሊነሳ ይችላል። ያገለገለ ቪትዝ የገዛችሁ፣ ከማስለጠፋችሁ በፊት መኪናችሁ የት የት እንደተቀባ እወቁ። አዲስ የተቀባ ከሆነም ቢያንስ አንድ ወር ይጠብቅ፤ ቀለሙ ውስጥ ያለው ትነት ይውጣ።

ሙሉ መኪና ማስለጠፍ? የኔ አስተያየት፦ ለአብዛኞቻችን ገንዘብ ማባከን ነው። ጣራችሁን ማን ነው በጠጠር የሚመታው? ፓራውልቱን፣ ኮፈኑን፣ የፊት ፓራፋንጎዎቹን፣ ስፖኪዮዎቹን አስለጥፉ። ኮፈኑን ግን ግማሹን አታድርጉ፤ መስመሩ ላይ አቧራ ይከማችና እንደ ጠባሳ ይታያል። ደግሞ የበር እጀታው ሥር ያለችውን ጎድጓዳ አትርሱ። ሂዱና ብርሃን አብርታችሁ እዩአት። በጥፍር፣ በቀለበት፣ በቁልፍ ተሞሽልቃለች። እዚያች ላይ ትንሽ ቁራጭ ነው የምትበቃው፣ ግን ማንም አይጠይቃትም።

የሚለጠፈው በሳሙና ውሃ ረጥቦ ነው፤ ውሃው ከሥር በጎማ መጥረጊያ ተገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ ደጅ ላይ፣ ነፋስ እየነፈሰ የሚለጥፍላችሁን ሽሹ። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች እስክታስላጡት አብራችሁ ትኖራለች። ከተለጠፈ በኋላ ለሳምንት ያህል ላቫጆ አትውሰዱት። ስትወስዱትም የላቫጆውን ልጅ "ወንድሜ፣ ውሃውን ከጠርዙ ራቅ አድርገው" በሉት። ጫፉ አንዴ ከተነሳ አቧራ እየበላ ይሄዳል።

ላይክ አድርጉ፣ ላስቲኩን ላልላጠው ዘመዳችሁ ላኩለት። በሚቀጥለው ቪዲዮ የሐረጎን ቁልቁለት ማርሽ ሳይቀንሱ በፍሬን ብቻ ስለሚወርዱ ሰዎች ነው የማወራው። ስም አልጠራም። ቻው!