መብራት ሲጠፋ የሚተነፍስ ባሕር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጎንደር ነኝ፣ ማራኪ ካለው ቤቴ። ከኋላ የሚሰማችሁ የአረፋ ድምፅ የአኳሪየሙ ነው። አላጠፋውም፤ የዛሬው ወሬም ስለ እሱ ነው።

ጠርዝ የሌለው የሪፍ፣ ማለትም የኮራል አኳሪየም ነው ያለኝ። ከላይ የፕላስቲክ ፍሬም የለውም፤ መስታወት ከመስታወት በሲሊኮን ተጣብቆ ነው የቆመው፣ ውስጡ የባሕር ውሃ፣ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳትና ጥቂት ዓሣ። ብዙዎቻችሁ በቪዲዮ አይታችሁታል። ቪዲዮዎቹ ላይ ቀድሞ የሚወራው ስለ መብራቱ ነው፣ ሰማያዊው ስንት ይሁን፣ ነጩ ስንት ይሁን፣ ኮራሉ በምን ይድመቅ። እኔ ግን ጎንደር ቁጭ ብሎ ይሄን ለሚያስብ ሰው የምለው ሌላ ነው። መጀመሪያ አየሩን አስቡ። ቀለሙም ዓሣውም ይደርሳል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከተማችን ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 93 አካባቢ ላይ የሚፈላው የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ነው። ያው ግፊት ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ኦክስጅንም ይቀንሰዋል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል። ያንኑ ውሃ ጎንደር ብታመጡት 5.2 ገደማ ላይ ይቆማል። ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ መጀመሪያውኑ ከጣና ውሃ ያነሰ ነው የሚይዘው። እንግዲህ የባሕር ጠረፍ ላይ የሚኖር ሰው ያለ ሐሳብ የሚያልፈው ነገር እኛን ያሳስበናል ማለት ነው።

ሌሊቱ ደግሞ ከቀኑ የባሰ ነው። ቀን ላይ ኮራሉ ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ አልጌዎች ብርሃን እያገኙ ኦክስጅን ይሰጣሉ። ሲጨልም ማምረቱ ይቆምና ሁሉም ተጠቃሚ ይሆናል፤ ዓሣው፣ ኮራሉ፣ አልጌው፣ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያም ጭምር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፣ ፒኤች ይወርዳል፣ ማለት ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ስለዚህ የውሃ ማንቀሳቀሻ ፓምፔን ወደ ላይ አዙሬ ነው ያሰርኩት። የውሃው ገጽ ሌሊቱን ሙሉ ይናወጣል። ገጹ ከተኛ ስስ የቅባት ሽፋን ይይዛል፣ ሽፋን ከያዘ ደግሞ ጋዝ መግባትና መውጣቱ ይዳከማል።

እዚህ ላይ ቡናን ላንሳ፣ የኛ ቤት ነገር ስለሆነ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ክፍሉን ይሞላና ወደ ውሃው ይገባል። ፕሮቲን ስኪመር የምንለው አረፋ እየሠራ ቆሻሻ የሚያወጣ መሣሪያ ደግሞ የሚስበው የክፍሉን አየር ነው፤ የዕጣኑን ጭስም አብሮ ይስባል። ለእናቴ ይሄን ሳስረዳት ትንሽ ዝም አለችና «ነፍስ ካለውማ ይተንፍስ እንጂ» ብላ ረከቦቱን ራሷ ወደ በረንዳ አወጣችው። ክረምት ላይ ዝናብ ሲያስገባን ቡናው ሳሎን ይፈላል፣ ያኔ መስኮቱ ክፍት ነው። ይበርዳል፣ ግን እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ጠርዝ የሌለውን የመረጥኩት ለውበት ብቻ ነው የሚመስላቸው አሉ። ውበቱን አልክድም፤ ከላይ ዝቅ ብላችሁ ስታዩት ኮራሉ ከጎን ከምታዩት ሌላ ነው። ግን ክዳን የለውም፣ ገጹ ሙሉ በሙሉ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ዋናው እሱ ነው። ቅርጹንም ከፍ ያለ ሳይሆን ሰፋ ያለ አድርጉት። ቁመቱ የረዘመ አኳሪየም ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ገጹ ግን ጠባብ ነው። በሌላ በኩል ዓሣ ስለሚዘል ከላይ ቀጭን መረብ መዘርጋት የግድ ነው። መረቡ አየር አይከለክልም።

ፍሬም የሌለው መስታወት ሸክሙን የሚያስተካክልለት ነገር የለውም። አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ከዘመመ ጭነቱ ሲሊኮኑ ላይ ያርፋል። 100 ሊትር የጨው ውሃ ብቻውን ከ100 ኪሎ በላይ ነው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ሳይቆጠር። ማስቀመጫውን ብየዳ ቤት አሠርታችሁ ስታመጡ በውሃ ልክ በቁመትም በወርድም ለኩት። ከመስታወቱ በታች ስስ ፎም ይነጠፍ። ይሄንን ውሃ ሳትሞሉ ነው መጨረስ ያለባችሁ።

አሁን ወደ መብራት መጥፋት። ለእኔ ከሁሉም በላይ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም ያ ቀድሞም ያነሰው ኦክስጅን ማለቅ ይጀምራል። ብዙ ሰው የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ገዝቶ ሁሉንም ነገር እሱ ላይ ይሰካል። ሒሳቡን እንየው። 12 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት የሚባለው ባትሪ 600 ዋት ሰዓት አለው። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ 300 ይሆናል። 100 ዋት የውሃ ማሞቂያ ይሄንን በ3 ሰዓት ይጨርሰዋል። 8 ዋት የሚበላ ትንሽ የ12 ቮልት ፓምፕ ግን ከ30 ሰዓት በላይ ይሠራበታል። ስለዚህ ባትሪው ለፓምፑ ብቻ ነው። ኮራል አንድ ሁለት ቀን ያለ ብርሃን አይሞትም። ሙቀቱም ቶሎ አይወርድም፣ ውሃ ሙቀት ይይዛል፤ ሌሊቱ ከበረደ አኳሪየሙን ዙሪያውን በጋቢ ጠቅልሉት፣ ከላይ ግን ክፍት ይሁን። ከላይ ከሸፈናችሁት ድካማችሁ ሁሉ ገደል ገባ።

በዚሁ ምክንያት ካኒስተር ፊልተር የሚባለውን፣ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ውሃ የሚያጣራውን መሣሪያ አልጠቀምም። ፍሰቱ ሲቆም ውስጡ ያለው ውሃ የሚያጸዳው ባክቴሪያ የቀረችውን ኦክስጅን በሰዓታት ውስጥ ይጨርስና መሞት ይጀምራል፤ መብራት ሲመጣ ያ የተበላሸ ውሃ በአንዴ ወደ ዓሣው ይለቀቃል። ባክቴሪያው ክፍት ቦታ፣ ድንጋዩ ላይ ይኑር። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ከማንኛውም ፊልተር ይሻለኛል።

ስለ ጨው ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «የአፋር ጨው ሞልቶ የለም ወይ?» የምትሉት ነገር። አሞሌ በዚህ ከተማ ገበያ ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ዳናክልንም በጥንት ዘመን ያጥለቀለቀው ቀይ ባሕር ነው። 125,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የኮራል ሪፍ ቅሪት ዛሬም በረሃው ጠርዝ ላይ አለ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ኮራል ለዚህ ምድር ባዳ አይደለም። ጨዉ ግን ለአኳሪየም አይሆንም። ባሕር ሲተን ማዕድኑ ሁሉ እኩል አይቀመጥም፤ ካልሲየም ያለባቸው ቀድመው ይዘቅጣሉ፣ ቀጥሎ የምግብ ጨው፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየሙ መጨረሻ ላይ ይቀራሉ። አሞሌው የመካከለኛው ንጣፍ ነው። ኮራል ደግሞ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 1,300 አካባቢ ማግኒዥየም ይፈልጋል። ለሪፍ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ውድ ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ያለ እሱ ግን አትጀምሩት።

ውሃውስ? እንደምታውቁት የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሮቶ የሌለው ሰው ጄሪካን ይደረድራል። ለሪፍ የሚሆነው አር ኦ በሚባል፣ በውሃው የሟሟውን ማዕድን በስስ ሽፋን በሚያስቀር ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ሲሆን፣ ማጣሪያው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሦስት አራት ሊትር ያፈሳል። ሰው ውሃ በሚጠብቅበት ከተማ ይሄን መሬት ላይ መልቀቅ ነውር ነው። የኛ ቤት ልብስ የሚታጠበው በዚያ ውሃ ነው። የዝናብ ውሃስ የምትሉ አላችሁ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ከሆነ ተዉት፣ ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ኮራልንና ሽሪምፕን ይጎዳል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ክፍት ገጽ ብዙ ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ ይቀራል፤ የጎደለውን በንጹሕ ውሃ ሙሉት እንጂ በጨው ውሃ አትሙሉት። ጨዋማነቱ በሊትር 35 ግራም አካባቢ ይቆይ።

ከዚያ ትጠብቃላችሁ። ዓሣ የሚያስወጣውን አሞኒያ የሚባል መርዝ አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። እስኪደራጁ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ የለም። እነዚህ ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ካላገኙ አይሠሩም፣ ስለዚህ ፓምፑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሠራል።

እኔ ጋ ያሉት ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዓሦች፣ እንዲሁም ማሽሩምና ሌዘር የሚባሉ ለስላሳ ኮራሎች ናቸው። ዓሦቹ በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉ ናቸው፣ ከባሕር የተያዙ አልፈለግኩም። ክላውንፊሽ በደንብ ከተያዘ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ስታመጡት እሱን አስቡ። አንድ አድማጭ «ታንግ ለምን አትጨምሪም? ውሃው ባዶ ይመስላል» ብሎ ጽፎልኛል። ወንድሜ፣ ታንግ ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ ዓሣ ነው። ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ብዙ ኦክስጅንም ይበላል። 100 ሊትር ውስጥ፣ በዚህ ከፍታ፣ መብራት በማይታመንበት ሌሊት አላስገባውም። የሚጨመር ካለ ጎቢ የሚባል አንድ ትንሽ ዓሣ ነው፣ እሱም ሁለተኛ ባትሪ ሲኖረኝ።

በሉ፣ ሳምንት ስለ ካልሲየም አለካክ እናወራለን። ደህና ሰንብቱ።